የጐንደር ግንብና የቤታችን ምድጃ

ወደ ጐንደር የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ ከማናቸውም ነገር አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ግንቡ ነው። እኛም በዘንድሮው በጋ ለሥራ ጉዳይ ወደዚያ በሄድን ጊዜ እንደ ልማዱ ግንቡን ተመልክተናል፤ ዳሩ ግን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንጽፍ ያሰብነው ስለ ግንቡ ማማር አይደለም፤ ስለ እርሱ ከእኛ የበለጡ ሰዎች ብዙ ጽፈዋል። እኛ የምንጽፈው ጐንደርን ደጋግሞ ስለ ጐዳት ስለ እሳት፣ ደግሞም ይኸው እሳት ዛሬ በየቤታችን በምድጃው ውስጥ ተዳፍኖ ስለሚያድር ነው። ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን በከተማው በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ለግማሽ ቀን የተሰጠ የእሳት ማጥፊያ ትምህርት ነው። በዚያ ትምህርት ላይ ያፈርነውን ኀፍረት ሳንሸሽግ እንናገራለን፤ እኛ አፍረን ሌላው ቢማርበት ጥቅሙ ይበልጣልና።

አጤ ፋሲል ጐንደርን በ1628 ዓ.ም. ከቈረቈሩ በኋላ እርሳቸውም ሆኑ ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት ነገሥታት ግንባቸውን በድንጋይና በኖራ አሠሩ። የአጤ ፋሲል ግንብ፣ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የታላቁ ኢያሱ ቤተ መንግሥት፣ የአጤ በካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ቤት በአንድ ቅጥር ውስጥ ተሰብስበው ዛሬም ይታያሉ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1979 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፈዋል። ከቅጥሩ ውጭ የነበረው የሕዝቡ ቤት ግን አብዛኛው በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ በሣር የተከደነ ነበረ። ስለዚህ የጐንደር ታሪክ ሁለት ዐይነት ነው ማለት ይቻላል፤ አንዱ የድንጋይ ታሪክ ነው፤ እርሱን በዐይናችን እናየዋለን። ሁለተኛው የእንጨትና የሣር፣ የብራናና የመጋረጃ ታሪክ ነው፤ እርሱን ግን እሳት ስለ በላው አናየውም።

በታላቁ ኢያሱ ዘመን የተሠራው የመጀመሪያው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ብዙ ዘመን ሳይቈይ በመብረቅ እንደ ተቃጠለ ይተረካል፤ ዛሬ የመላእክት ፊት ከጣሪያው ላይ የሚመለከተን ቤተ ክርስቲያን ከእርሱ በኋላ የተሠራ ነው። በ1859 ዓ.ም. አጤ ቴዎድሮስ በከተማይቱ ላይ ተቈጥተው ጐንደርን ባስዘረፉና ባስቃጠሉ ጊዜ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጠፉ። ከዚያ በኋላ 21 ዓመት ቈይቶ፣ በጥር ወር 1880 ዓ.ም.፣ የድርቡሽ ጦር በምዕራብ በኩል መጥቶ የተረፈውን አቃጠለ። በዚያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የተረፈው የንብ መንጋ ወጥቶ ጠላትን ስላባረረ ነው ብለው የአገሩ ሽማግሌዎች ይናገራሉ። ወደ ቍስቋም ወጥቶ የእቴጌ ምንትዋብን ቤተ መንግሥት የሚያይ ሰው ነገሩን ሁሉ ያስተውለዋል። ግድግዳው ቆሞአል፤ በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው መስቀልም ይታያል፤ ጣሪያና ወለል ግን የለውም፤ በመስኮቱ አሻግሮ የሚያይ ሰው የሚያየው ሰማይን ነው።

እኛ በጽሕፈት ሥራ የምንኖር ሰው ስለ ሆንን በዚያ ስፍራ ቆመን ከሁሉ ይልቅ ያዘንነው ስለ መጻሕፍቱ ነው። የፈረሰ ግንብ እንደ ገና ይካባል፤ የተቃጠለ ቤት እንደ ገና ይከደናል፤ አንድ ብቻ የነበረ የብራና መጽሐፍ ግን ከተቃጠለ በኋላ ማን ያስነብበዋል? ዛሬም በየፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት የስንት ሰው የርስት ክርክር፣ የስንት ሙት ልጅ ውርስ በወረቀት ላይ ብቻ ተጽፎ ይኖራል። አንድ ክብሪት የአንድን አገር ሰው ሁሉ ምስክር አልባ ሊያደርገው ይችላል።

ከዚህ በላይ የተነገረው እሳት ከሰማይ የወረደ ወይም በንጉሥና በጠላት ትእዛዝ የተለኰሰ ነው፤ የቤት ባለቤት ሊከለክለው አይችልም ነበረ። ነገር ግን የዓለምን ታሪክ ስንመለከት ትልልቆቹ ቃጠሎዎች ሁሉ ከጠላት የመጡ አይደሉም። አጤ ፋሲል ገና በሕይወት ሳሉ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1666 ዓ.ም.፣ የሎንዶን ከተማ አራት ቀን ያህል ነድዳ 13,000 ያህል ቤት ጠፋ። ያ ሁሉ እሳት የተነሣው በሌሊት ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ምክር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከተማን የሚያጠፋ እሳት መነሻው ማድ ቤት ነውና።

ከጐንደር ተነሥተን በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ ሄድን፤ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የወገራ ደጋ ገብሱ ታጭዶ፣ ክምሩ በየአውድማው ቆሞ ነበረ። በየመንደሩ የቆርቆሮ ክዳን በዝቶአል፤ ቢሆንም የሣር ጎጆ ገና አልጠፋም፤ ማድ ቤቱም ብዙ ጊዜ ከሣሩ ክምር ብዙ አይርቅም። ነፋሱ ደግሞ ብርቱ ነው። በዚህ አገር በበጋ ከምድጃ ያመለጠች አንዲት ፍንጣሪ ወዴት እንደምትሄድ ማንም አያውቅም።

ከደባርቅ በላይ ያለው የሰሜን ተራራ ብሔራዊ ፓርክ ዋልያና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስፍራ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በዚህ ተራራ ላይ እሳት ተነሥቶ የጓሳውን ሣርና የአስታውን ዛፍ ብዙ ቀን አቃጠለ። የአገሩ ሰው ቅርንጫፍ እየቈረጠ እሳቱን መታ፤ አፈር እየቈፈረ መንገዱን አቋረጠ፤ በኋላም ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ከኬንያም ውሃ የሚረጭ ሄሊኮፕተር መጥተው ረዱ። በዚያው በሚያዝያ ወር በፓሪስ ከተማ የኖትርዳም ቤተ ክርስቲያን ተቃጥሎ ጣሪያው ወደቀ፤ የድንጋዩ ግድግዳ ግን ቆመ። ዓለም ሁሉ ስለ ፓሪስ ሲያዝን በሰሜን ተራራ ዳገቱን የወጣው ገበሬ ስለዚያ ወሬ አልሰማም ይሆናል፤ የሁለቱም ሐዘን ግን አንድ ነበረ።

ስለዚያ እሳት በደባርቅ ያጫወቱን አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ ጠፋ ብለን ወደ ቤታችን ገባን፤ እሳቱ ግን ከሥር ነበረ» አሉን። በውነቱም እሳቱ በቍጥጥር ሥር ውሎአል ከተባለ በኋላ እንደ ገና ተነሥቶ ነበረ። በዚያ ደጋ ሥሩና ብስባሹ ከአፈር በታች ውስጥ ውስጡን እየጤሰ ቈይቶ ነፋስ ሲያገኝ ይነድዳል። ይህም በቤታችን ከምናውቀው ከረመጥ የተለየ አይደለም። ማታ አመድ የለበሰው ፍም ጧት ተገልጦ እሳት የሚጫርበት ስለ ሆነ፣ አመድ ነው ብሎ ከሣር ክምር አጠገብ የደፋ ሰው ቤቱን በእጁ አቃጠለ ማለት ነው።

ከደባርቅ በተመለስን በማግሥቱ ወደ ተጠራንበት ትምህርት ሄድን። በግቢው መካከል ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ተቀምጦ ጥቂት ናፍጣ ፈስሶበታል፤ በአጠገቡም ቀያዮቹ የእሳት ማጥፊያዎች ተደርድረዋል። የተጠራነው ሹማምንትና ጸሐፊዎች ነን፤ ዘበኞቹና የጽዳት ሠራተኞቹ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ቡና የሚያፈሉት አንዲት እናትም ከዳር ቆመው ይመለከታሉ።

መምህሩ አስቀድሞ የእሳትን ነገር በጉልቻ መስሎ አስረዳን። ድስት በሦስት ጉልቻ እንደሚቆም እሳትም በሦስት ነገር ይቆማል፤ እነርሱም የሚነድደው ነገር፣ ሙቀትና አየር ናቸው። ከሦስቱ አንዱን ብታነሡበት ይወድቃል። ውሃ ሙቀቱን ያነሣል፤ ክዳን አየሩን ያነሣል፤ ሣሩን አጭዶ መንገዱን ማቋረጥ የሚነድደውን ያነሣል። የሰሜን ገበሬ በተራራው ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። በእጅ የሚያዘውን ማጥፊያም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1818 ዓ.ም. ጆርጅ ማንቢ የሚባል እንግሊዛዊ መኰንን በመዳብ ዕቃ ውስጥ መድኃኒት ያለበት ውሃና የታመቀ አየር አድርጎ እንደ ሠራው ነገረን።

ከዚህ በኋላ እሳቱ ተለኰሰና ከሁሉ በፊት እኛ ተጠራን። እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። በምንሠራበት መዝገብ ቤት ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ ማጥፊያ ተሰቅሎ ይኖራል፤ በየዓመቱ የንብረት መዝገብ ሲጻፍ «የእሳት ማጥፊያ፣ አንድ፣ አለ» ብለን በራሳችን እጅ እንጽፋለን። አንድ ቀን እንኳ አንሥተነው አናውቅም። በዚያ ቀን ስናነሣው ክብደቱ አስደነገጠን፤ እጀታውን ጨብጠን ብንጨምቅ እንቢ አለን። ቀለበቱን ሳንስብ ነበረና! ሰዉ ሳቀ። ቀለበቱን ስበን በጨመቅን ጊዜ ደግሞ ዱቄቱን ከነበልባሉ ጫፍ ላይ ስለ ረጨነው ነፋስ ወሰደው፤ ዕቃው ባዶ ሆነ፤ እሳቱ ግን እንደ ነበረ ቀረ። ይህ ሁሉ የሆነው ከ20 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። በቤታችን ቢሆን ኖሮ መጋረጃው ይዞ ወደ ኮርኒሱ በወጣ ነበር።

መምህሩም ወደ ዳር ዘወር ብሎ፣ «እናቴ፣ እስቲ እርስዎ ይሞክሩት» አላቸው፤ ቡና የሚያፈሉትን ሴት። እርሳቸውም ነጠላቸውን ከወገባቸው አስረው፣ ነፋሱን በጀርባቸው አድርገው፣ ሦስት ሜትር ያህል ርቀው ጎንበስ አሉና ከእሳቱ ሥር ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ቤት እንደሚጠርግ ሰው ጠረጉት። እሳቱ ወዲያው ጠፋ። እንዴት እንዳወቁት ብንጠይቃቸው፣ «ጌታዬ፣ ስመለከት ዋልሁ እኮ፤ እሳት ደግሞ ከሥሩ ነው የሚያዝ፤ ከላዩማ ማን ይይዘዋል?» አሉን። እኒህ እናት ለትምህርቱ አልተጠሩም ነበር። በዚያ መሥሪያ ቤት ግን በየቀኑ እሳት የሚያነድዱ እርሳቸው ብቻ ናቸው።

በዚያች ቀን ያስታወስነው አንድ የቈየ ነገር አለ። በልጅነታችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስንማር ከጓደኞቻችን ጋር በአንዲት የሣር ጎጆ እናድር ነበር። አንድ ሌሊት ጧፍ አብርቶ የሚያጠና ተማሪ እንቅልፍ ጥሎት ጧፉ ከሣሩ ላይ ወደቀ። ሁላችንም በደኅና ወጣን፤ ከመካከላችን ግን አንዱ መጽሐፉን ረስቶ ስለ ነበረ ተመልሶ ገባ። መጽሐፉን ይዞ ወጣ፤ ሁለት እጁ ግን ተቃጥሎ ነበር። እኛም ባለማወቅ እጁን ቅቤ ቀባነው። ቍስሉ ብዙ ወር ቈይቶ ዳነ፤ ጣቶቹ ግን ተኰራምተው ቀሩ፤ ከዚያ በኋላ ብዕር አልያዘም። የእርሱ ጽሕፈት ከእኛ ጽሕፈት እጅግ ያምር ነበር። እኛ ዛሬ በጽሕፈት እንጀራ እየበላን በምንኖርበት ጊዜ ሁሉ እርሱን እናስበዋለን። መጽሐፉ በሌላ ስፍራ ብዙ ቅጂ ነበረው።

ስለዚህ ከመምህሩ የሰማነውን ለየቤቱ ባለቤት እንዲጠቅም በአጭሩ እናስቀምጠዋለን።

1ኛ. ማጥፊያው እንዴት ይያዛል? ቀለበቱን መሳብ፤ የጎማውን አፍ ወደ እሳቱ ሥር ማዞር፤ እጀታውን መጨመቅ፤ ከጎን ወደ ጎን መጥረግ ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ርቆ መቆም፣ መውጫውንም በር ከኋላ ማድረግ ይገባል። ዕቃው በጥቂት ሰከንድ ስለሚያልቅ የሚያገለግለው እሳቱ ገና ትንሽ ሳለ ነው። ዱቄት ያለበት ማጥፊያ ለእንጨት፣ ለዘይትም፣ ለኤሌክትሪክም እሳት ብዙ ጊዜ ይሆናል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ግን በኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ዝቃጭ ሳይተው ያጠፋል። መለኪያ ያለው ሲሆን መርፌው በአረንጓዴው ላይ መሆኑን በየወሩ ማየት፣ በዓመት አንድ ጊዜም ለባለሙያ ማሳየት ነው። አንድ ጊዜ የተነካ ማጥፊያ ጥቂት ቢቀርበትም እንደ ገና ሳይሞላ አይሰቀልም።

2ኛ. በድስት ያለ ዘይት ቢነድድ ውሃ ከቶ አይደፋበትም፤ ውሃው በዘይቱ ውስጥ ፈልቶ ነበልባሉን ወደ ላይ ይበትነዋልና። ምድጃውን አጥፍቶ ክዳን መክደንና እስኪቀዘቅዝ ድረስ አለመግለጥ ነው። በኤሌክትሪክ እሳትም ላይ ውሃ አይረጭም፤ አስቀድሞ ቆጣሪውን ማጥፋት ይገባል።

3ኛ. የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ከሌላ ዕቃ ጋር በአንድ ሶኬት አይሰካ፤ ሽቦው ሲግል የተሰማው ሰው ነገ ዛሬ ሳይል ባለሙያ ይጥራ። የጋዝ ሲሊንደር ቀጥ ብሎ ነፋስ በሚያገኝበት ስፍራ ይቀመጥ፤ ጋዝ የሚሸት ሲሆን መብራት ማብራትም ማጥፋትም ትቶ መስኮት መክፈት፣ ከቤትም መውጣት ነው። በፍም ላይ ላምባ ወይም ቤንዚን የሚያፈስ ሰው እሳቱን ወደ እጁ ይጠራዋል።

4ኛ. ከሰል አንድዶ ቤት ዘግቶ መተኛት እሳት ባይነሣም ይገድላል፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በደጋው ብርድ ይህ እንዳይረሳ።

5ኛ. ልብሱ የተያያዘበት ሰው አይሩጥ፤ ይተኛና ይንከባለል፤ ሌላውም በርኖስ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ጥሎ ያፍነው። የተቃጠለ ገላ 20 ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ በሚፈስስ ውሃ ይያዝ፤ ቅቤ፣ እንቍላል ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

6ኛ. ጭስ ቤቱን የሞላው እንደ ሆነ ማጥፊያውን ትቶ፣ ጎንበስ ብሎ መውጣት፣ በሩንም ከኋላ መዝጋት ነው። የወጣ ሰው ለምንም ነገር ተመልሶ አይግባ። ለመጽሐፍም ቢሆን።

እነዚህን ሁሉ ብናነብባቸው ብቻ አይጠቅሙንም። እጅ ያልተማረውን ልብ ቢያውቀው በጭንቅ ሰዓት እንደማይረዳ በራሳችን አይተናል። ስለዚህ ክቡራን ሹማምንትን የምንለምነው ነገር አንድ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየደብሩና በየትምህርት ቤቱ እንዲህ ያለ ትምህርት በተሰጠ ጊዜ የስም ዝርዝሩ በማዕርግ ቅደም ተከተል አይጻፍ፤ ለእሳት ቅርብ በሆነ ሰው ቅደም ተከተል ይጻፍ። ቡና የምታፈላው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ሌሊት የሚጠብቀው ዘበኛ፣ ሻማና ጧፍ የሚያበራው ዲያቆን፣ ከእነርሱም በኋላ ሹሙና ጸሐፊው ይጠሩ። በቤትም እንዲሁ ነው። የቤት ጌታ ማጥፊያውን ገዝቶ በሳሎኑ ግድግዳ ቢሰቅለው ቤቱ እንደ ጌጥ ያምርበታል እንጂ ከእሳት አይድንበትም፤ ማጥፊያው ከማድ ቤቱ በር አጠገብ ይሰቀል፤ ምድጃውን የምትይዘው ሴት፣ ልጆቹም ጭምር ቀለበቱ የት እንዳለ ይወቁ። የከተማው የእሳት አደጋ ስልክ ቍጥርም በበሩ አጠገብ በትልቁ ይጻፍ።

እኛም ወደ ቤታችን በተመለስን ጊዜ አስቀድመን ያደረግነው ይህንኑ ነው። በቤታችን እንጀራ የምትጋግረውን ልጅ ጠርተን ማጥፊያውን በእጇ አስያዝናት፤ ክብደቱን ለመደችው፤ ቀለበቱን አሳየናት፤ ወዴት እንደምትወጣም ተነጋገርን። በመዝገብ ቤታችንም ዘበኛውንና ተላላኪውን ጭምር ጠርተን አለማመድን። ዘንድሮ የንብረቱን መዝገብ ስንጽፍ «አለ» ከሚለው ቃል ቀጥለን «ሠራተኞቹ ሁሉ ተለማምደውበታል» የሚል ጨመርን። በሕይወታችን ከጻፍናቸው ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ ይህ አጭሩ ነው፤ ነገር ግን ሳናፍር የፈረምንበት ነው።

የጐንደር ግንብ ከእሳት ያመለጠው ድንጋይ ስለ ሆነ ነው። የእኛ ቤት፣ ልጆቻችንና መጻሕፍታችን ግን ድንጋይ አይደሉም። እግዚአብሔር የየቤታችንን ምድጃ ለበረከት እንጂ ለጥፋት አያድርግብን።